በአራት ጣት የሚሰፋ ክንፍ

ሞተር ሰማይ ላይ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያውቀው ጆሮ ነው። ዓይን ገና ሲፈልግ ጆሮ ጨርሷል። የስፌት ክፍላችን ቦሌ ሜዳው ዳር፣ ከአሮጌው ሃንጋር ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ቢጫዎቹ አውሮፕላኖች ቀኑን ሙሉ በላያችን ሲመላለሱ ቀና ብለን አናይም። ድምፁ ከተቆረጠ ግን መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ይቀራል። የስፌት አለቃዬ እትዬ እጃቸውን ያነሳሉ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። አንዳንዴ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ያስልና ይመለሳል፤ ያኔ እትዬ «ስፊ» ይሉኛል፣ ሌላ ነገር አይጨምሩም። አንዳንዴ አይመለስም።

አውሮፕላኖቹ ከንጉሡ ዘመን የተረፉ የመለማመጃ አውሮፕላኖች ነበሩ። ሁለት ሰው ይይዛሉ። ክንፋቸው ድርብ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ የታችኛው ከፍታው እስከ ሰው ወገብ ነው። የተሠሩት ከእንጨትና ከጨርቅ ነው። አዎ፣ ከጨርቅ። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ከትልቁ ሜዳ ጄት ተነስቶ ሲያልፍ የኛዎቹ ቆመው ይንቀጠቀጡ ነበር። ተማሪዎቹ ስም አውጥተውላቸዋል፦ «ጋሪ»።

ጋሪ ደግሞ ይወድቃል። አንዱ በክረምት መረሬ ጭቃ ላይ አርፎ ጎማው ሰመጠና በአፍንጫው ተተክሎ ተገለበጠ። ሰዎች ሲደርሱ አስተማሪው በቀበቶው ቁልቁል ተንጠልጥሎ ተማሪውን ይሳደብ ነበር። ሌላው ከላምበረት ወዲያ ግጦሽ ላይ ተገዶ አረፈ፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ጓዛቸውን አስቀምጠው ገፍተው ከቦይ አወጡት። እነዚህን እያነሳን እንስቅ ነበር። ማንም አልሞተማ።

እኔ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥቤ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ወሎ ሰፈር ከአባቴ ጋር እኖራለሁ። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ስፌት እችላለሁ፣ የአብራሪዎች ማሠልጠኛው የቀጠረኝም ለዚሁ ነው። ስፌት ወድጄ አላውቅም። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ያሳክከኛል። እትዬ ግን እንደተወለዱ መርፌ የያዙ ይመስል ነበር። ሃምሳን ያለፉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ሥራውን ከፈረንጆች ተምረው ከፈረንጆቹ በኋላ ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው።

ሥራው እንዲህ ነው። የክንፉን እንጨት ሊኖ የሚባል ጠንካራ ጨርቅ ታለብሺዋለሽ። ከዚያ በሰም በተነከረ ክር ጨርቁን ከእያንዳንዱ የክንፉ የእንጨት አጥንት ጋር ትሰፊያለሽ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ እየቋጠርሽ። ሰሙ ከውጭ መምጣት ካቆመ በኋላ እትዬ ክሩን በጧፍ ነበር የሚያሹት። በቋጠሮና በቋጠሮ መካከል አራት ጣት። አምስት አይደለም፣ አራት። «ከዚያ ካለፈ ነፋስ እጁን አስገብቶ ይገልበዋል» ይሉ ነበር። ስፌቱ ላይ ጠባብ የጨርቅ ጥብጣብ ይለጠፍበታል፣ በመጨረሻ ዶፕ የሚባለው ቫርኒሽ ይቀባል። ዶፕ የበሰለ ሙዝ ይሸታል። ሲደርቅ ጨርቁ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ጥብጣቡ ከተለጠፈ በኋላ ግን ስፌቱን ማንም አያየውም።

ታኅሣሥ ላይ እትዬ ለቅሶ ሄዱ። የአንዱን አውሮፕላን የታችኛውን የግራ ክንፍ ለእኔ ትተውልኝ ነው። ጠዋት በአራት ጣት ጀመርኩ። እኩለ ቀን ላይ አምስት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ስድስት። ማንም አላስቸኮለኝም፣ ክርም አልጎደለም። ሰልችቶኝ ነው። ጥብጣቡን ቶሎ ለጥፌ፣ ዶፑን ቀብቼ፣ እትዬ ሲመለሱ ክንፉ እያብረቀረቀ ጠበቃቸው።

«አራት ነው?» አሉኝ።

«አራት ነው።»

መዳፋቸውን በጨርቁ ላይ አሳለፉ፣ መዝገቡን ከፈቱ፣ ፈረሙ። ይኸው ነው። አንዴ ካለፈ በኋላ ሌላ አውሮፕላን ላይም፣ በላይኛው ክንፍ፣ ደገምኩት።

በጥር አንድ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ድምፁ ተቆረጠ። እትዬ እጃቸውን አነሱ። ጠበቅን። አላሳለም። ወጥተን ስናይ ቢጫው አውሮፕላን ከሜዳው ደቡብ፣ ቦሌ ቡልቡላ ላይ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ እየተንሸራተተ ዝቅ ይላል። ከባሕር ዛፉ ጀርባ ገባ። ጭስ ጠበቅን። ጭስ አልወጣም።

አብራሪው ለብቻው መብረር ከጀመረ ሳምንት ያልሞላው ተማሪ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጫማውን በእጁ ይዞ በእግሩ መጣ። የታጨደ የጤፍ ማሳ ላይ ነው ያሳረፈው።

«ሞተሩ ዝም አለኝ» እያለ ይስቃል። ጥርሱ ይንገጫገጫል። «በቃ፣ ዝም! እኔም ዝም አልኩት!»

«ጋሪህስ?» አለው አንድ ጓደኛው።

«አንድ ጭረት የለባትም! እናትህ ሶፋ ላይ እንዲህ አታስቀምጥህም!»

አቀፉት፣ ወደ ላይ ወረወሩት። አውሮፕላኑን እስኪያነሱት የገበሬ ማኅበሩ ጠባቂ እንዲመድብ ተላከበት።

በማግስቱ ጠዋት መካኒኮች ሄዱ። ፕሮፔለሩን በእጅ ቢያሽከረክሩት ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። እንዲያውም ሰዓት ሙሉ ሠራ። እንከን የለውም። የታችኛው የግራ ክንፍ ግን ከመሐል እስከ ጫፍ ጨርቁ ተቀዶ፣ እንጨቱ የተጋጠ የበግ ጎድን መስሎ አፍጥጧል።

ይህን ስሰማ አወቅሁት። የኔ ክንፍ ነው።

ያን ዘመን ያላየ ሰው አንድ ነገር ልንገረው። አንድ ዕቃ ሲሰበር «ለምን ተሰበረ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ማን ሰበረው?» ነው። ቃሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፦ አሻጥር። አጣሪ ኮሚቴ በዚያው ቀን ተቋቋመ። ሞተሩ ደህና ከሆነ ተማሪው ለምን ወረደ? ክንፉ አየር ላይ ስለተቀደደ። ክንፉ ለምን ተቀደደ? ያ ትላንት ጭረት የለባትም ያለ ልጅ ሲጠየቅ፣ ክንፉ ደህና ነበር ቢል ሞተር ጠፋ ብሎ የዋሸ ፈሪ ይባላል፤ አልተመለከትኩም ማለት ይሻለዋል። «ክንፉን ልብ ብዬ አላየሁትም፣ ጓድ» አለ። አልፈርድበትም። ቆይ፣ እፈርድበታለሁ። ግን ከእኔ አይብስም።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። አንዱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፣ ካኪ ሱሪና ካኪ ኮት የለበሰ ሰውዬ።

«የታችኛውን የግራ ክንፍ ማን ነው የሰፋው?»

መርፌው እጄ ላይ ነው። አፌ ተከፍቷል፣ ይህን አስታውሳለሁ። ምንም አልወጣበትም።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መዝገቡ ላይ ፊርማዬ አለ። የኔ ስፌት አይፈታም። በአራት ጣት ነው።»

«ይጣራል። ተነሺ።»

እትዬ ሽርጣቸውን አውልቀው በአራት አጠፉት። መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ ተዉት። ወደ እኔ ዞረው «ክሩን አታባክኚ» አሉኝና ላንድሮቨሩ ውስጥ ገቡ። ለምን ዝም እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ፈሪ ስለሆንኩ ነው። የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

በማግስቱ ሥራ አልገባሁም። ገና ሳይነጋጋ ከወሎ ሰፈር ተነስቼ ሜዳውን ዞሬ በእግሬ ቡልቡላ ወረድኩ። ምን ላደርግ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ብቻ ክንፉን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ስፌቱ ተፈትቶ ካየሁ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ምያለሁ። መንገዱን ሙሉ እንዳይፈታ ስጸልይም ነበር።

አውሮፕላኑ ማሳው መሐል አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቆሟል። መሬቱ ደርቆ እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል፤ ልጁ ጎማው ሳይገባበት እንዴት እንዳቆመው አሁንም ይገርመኛል። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቡሉኮ ለብሰው፣ ዱላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሳያቸው ተነሱ።

«ሰው አይቀርብም!»

«ሠራተኛ ነኝ፣ አባባ። ክንፉን የምሰፋው እኔ ነኝ።»

እንዲህ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ለማያውቁኝ ሰው መናገር ቀላል ነው።

ክንፉ ላይ ጎንበስ አልኩ። ስፌቱ አልተፈታም። በስድስት ጣትም ቢሆን እያንዳንዱ ቋጠሮ በቦታው አለ፤ ጥብጣቡም በአጥንቶቹ ላይ እንደተለጠፈ ነው። የጠፋው በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ጨርቅ ብቻ ነው። ነፋስ የቀደደው ጨርቅ አባቴ ሱቅ ውስጥ ስንቀድ እንደምናየው በክሩ መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይኼ ጫፉ ተጠቅልሎ፣ ታኝኮ፣ ደርቆ እንደ ካርቶን ሆኗል። ነካሁት። የደረቀ ዝልግልግ ነገር አለበት።

መሬት መሬቱን ማየት ጀመርኩ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ እበት አለ። በስንጥር ገለበጥኩት። ውስጡ ቢጫ ክር ነበር።

«አባባ፣ ከብት ቀርቦ ነበር?»

«ከብት? የለም።»

«ይኸው እኮ።»

ሽማግሌው እበቱን አዩ። ክሩን አዩ። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሊቀመንበሩ ሰው እንዳይቀርብ አለኝ» አሉ። «ሰው አልቀረበም። በጣቴ ፈርሜ ነው የተረከብኩት። ከብት አባር አላለኝም። እህሉ ከተነሳ ማሳው የከብት ነው፣ ልጄ። ከታጨደ ማሳ ላይ ላም የሚያባርር ሰው አይተሻል? ነውር ነው።»

«የማን ላም ናት?»

እያመነቱ በዱላቸው አመለከቱ። ሃምሳ እርምጃ ላይ አንዲት ቡሬ ላም ገለባ ትለቅማለች።

«የኔ ናት። ስትልሰው አየሁ። ላሰችው እንጂ ትበላዋለች አላልኩም። ጨው መሰላት እንዴ? ኋላ ዞር ብዬ ሳይ...» እጃቸውን አራገቡ። «ለማንም አትንገሪ። እኔን ነው የሚበሉኝ።»

«አንዲት ሴትዮ ታስረዋል፣ አባባ። ስፌቱ የሳቸው ነው ተብሎ።»

ይህን ስናገር ፊቴን ወደ ክንፉ አዞርኩ።

«ሴት ናት የታሰረችው?»

«አዎ። ከእናቴ ይበልጣሉ።»

ላሟን ትክ ብለው አዩ። ላንድሮቨሩ አቧራውን እያስነሳ ከመንገዱ ወደ ማሳው ታጠፈ።

ሰብሳቢው ወረደ፤ ሁለት የኮሚቴው ሰዎችና ያ ተማሪ ከኋላው። ብብቱ ስር የጥገናውን መመሪያ መጽሐፍ ይዟል። እኔን ሲያይ ተቆጣ።

«አንቺ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ክንፉን ከብት ነው የበላው፣ ጓድ። እበቱ ውስጥ ክር አለ።»

ከኋላው ያሉት ሳቁ። አንዱ «አድኃሪ ላም!» አለ። ሰብሳቢው አልሳቀም። «ሴትዮዋ ናት የላከችሽ» አለ። መጽሐፉን ገልጦ ክንፉ ላይ አስደገፈው። ገጹ ላይ የክንፍ ሥዕል አለ፣ ቋጠሮዎቹ ከነርቀታቸው። ከኪሱ ሰንጢ አወጣ።

«ሴትዮዋ በአራት ጣት ነው ብላለች። መጽሐፉም የሚለው ያንኑ ነው። እናያለና።»

የሰንጢውን ጫፍ ጥብጣቡ ስር ከተተ። ያን ጥብጣብ ቢገልጥ ላም በላው፣ ሰው በላው፣ ለውጥ የለውም። ስድስት ጣት ያገኛል፤ ስፌቱን የኔ ነው ብለው የፈረሙት ደግሞ እትዬ ናቸው። ጥብጣቡ ጫፉ ላይ አንድ ጥፍር ያህል ተነሳ። ተናገሪ አልኩ ለራሴ። አሁን።

«ኮቱ!»

ሽማግሌው ነበሩ። ቆመዋል። ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው አፏጩና እንደገና በኦሮምኛ «ነይ» እያሉ ተጣሩ፦ «ኮቱ! ኮቱ!»

ላሟ ቀና አለች። ጆሮዋን አንቀሳቀሰች። ከዚያ ያለ ምንም ችኮላ ማሳውን አቋርጣ መጣች። ተማሪው ከመንገዷ ዘለለ። እሷ ሰውን ከቁም ነገር አልቆጠረችም፤ በአውሮፕላኑ አፍንጫ ዞራ ወደ ቀኙ ክንፍ፣ ወዳልተነካው ሄደች። አሸተተች። ያን ረጅም ምላሷን አውጥታ ከፊት ወደ ኋላ ላሰችው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ጠርዙን በጥርሷ ይዛ ጎተተች፤ ጨርቁም ጠ-ር-ር ብሎ እስከ መሐል ተቀደደ።

ላሟ ማኘክ ጀመረች።

«የኔ ላም ናት» አሉ ሽማግሌው። «ጠባቂውም እኔ ነኝ። ሴትዮዋን ፍቷት።»

ሰብሳቢው ሰንጢውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የተነሳውን ጥብጣብ እኔ በአውራ ጣቴ ወደ ቦታው ተጫንኩት። ማንም አላየኝም፤ ሁሉም ላሟን ነበር የሚያየው።

ሽማግሌውን በዚያው ወሰዷቸው። ላሟንም ጭምር፤ ማስረጃ ናት ተብላ ገበሬ ማኅበሩ ግቢ ታሰረች። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ። እሳቸው ስምንት ቀን ከረሙ። ላሟ የሚያልባት ጠፍቶ ስትጮህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር አሉ። በኋላ ጨው ይዤላቸው ሄጃለሁ። ጨውን ተቀበሉኝ፣ ብዙ አላወሩኝም።

እትዬ በማግስቱ ተለቀቁ። ቤታቸው አልሄዱም፣ በቀጥታ ስፌት ክፍል መጡ። እግራቸው አብጦ ጫማቸውን ረግጠውት ነው።

«ምን አደረጉዎት፣ እትዬ?»

«ጠየቁኝ» አሉ። ሽርጣቸውን ለበሱ።

ክንፉ ቀደም ብሎ በጭነት መኪና መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። መነጽራቸውን አደረጉ። ያቺን የተነሳች የጥብጣብ ጫፍ አዩዋት። በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ላጡት። ከዚያ አራቱን ጣታቸውን በሁለት ቋጠሮ መካከል አስተኙ። ቦታ ተረፈ። የሌላውን እጃቸውን ሁለት ጣት ጨመሩበት። ሞላ።

«ስድስት» አሉ።

ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ተተከለ።

«ሁለት ቀን ሙሉ አራት ነው እያልኩ ነበር። በእግዚአብሔር ስም እየማልኩ።»

«እትዬ፣ እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው ቡልቡላ የሄድኩት። እበቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ባይናገሩ ኖሮ እኔው ልናገር...»

«እሳቸው ተናገሩ» አሉ። አልጮኹም። «አንቺ ላም ስትፈልጊ ነበር።»

መቀሱን ከመስቀያው አውርደው ፊቴ አስቀመጡት። ፈትተሽ እንደገና ስፊ ሊሉኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ግን መቀሱን አልለቀቁትም።

«ሌላ ስድስት አለ?»

ያን ጊዜ ነው በላያችን የሚያልፈውን ሞተር የሰማሁት። ቀድሞም ነበረ፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። በድምፁ ለየሁት፤ ላይኛው ክንፉ የኔ የሆነው ያ ሁለተኛው አውሮፕላን ነው። ስፌቴ እስከዚያ ቀን አልተፈታም፣ በማግስቱም ላይፈታ ይችል ነበር። ላም ባትበላው የመጀመሪያውም ክንፍ ይዞ ይቀር ነበር ይሆናል። አላውቅም። ዛሬም አላውቅም።

«አለ» አልኩ።

«የቱ?»

ጣቴን ወደ ቆርቆሮው ጣራ ቀሰርኩ።

እትዬ እጃቸውን አነሱ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ድምፁ ዞረ፣ ከሜዳው ማዶ ራቀ፣ ተመለሰ። ቀነሰ። ጎማው መሬት ሲነካ፣ ነጥሮ እንደገና ሲነካ ሰማን። ሞተሩ ጠፋ፣ በዚህኛው ጊዜ መሬት ላይ።

እትዬ እጃቸውን አወረዱ። «ስፊ» አላሉኝም። ወደ በሩ አዩ።

ተነሳሁ። ከስፌት ክፍሉ እስከ ሃንጋሩ መቶ እርምጃ አይሞላም። አስተማሪው ገና የራስ ቆቡን እያወለቀ ነበር፤ ሌላ ተማሪ ደግሞ ቀበቶውን ለማሰር ወደ ኮክፒቱ ይወጣል።

«አውርደው» አልኩት አስተማሪውን፣ ገና ሳልደርስ። «ልጁን አውርደው። ክንፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»